ከወደድኳቸው ጥቂቶቹ

የወንድሜ ልጅ ከሜሪላንድ መልእክት ላከችብኝ። «ላከችብኝ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የቤት ሥራ ነዋ! «አጎቴ፣ ከሙዚቃ፣ ከፊልም፣ ከቴሌቪዥንና ከመጽሐፍ በጣም የምትወዳቸውን ጻፍልኝ። ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ይበቃኛል» ትላለች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ እዚህ ያቃናሁት አንባቢ እንዳይሰናከልብኝ ብዬ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ታበዛለች። አንድ ሰሞን የአያቷን የዶሮ ወጥ አሠራር ስትጠይቀኝ ከረመች። ሌላ ጊዜ የድሮ ሠፈራችንን ፎቶግራፍ አንስቼ እንድልክላት ለመነችኝ። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል ብላት «ቦታውን አንሣልኝ» አለች። አነሣሁላት።

ይኼኛው ቀላል መስሎኝ ነበር። ስልክ ላይ መጻፍ ጣቴ እንቢ ስለሚለኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ገጹን አራት ቦታ ከፈልኩት፤ በየራሱም «1» ብዬ ቁጥር ጻፍኩ። ባለቤቴ ቡና አፍልታ እስከ ሦስተኛው ድረስ ስታወርድ ወረቀቱ ላይ ከአራቱ ቁጥሮች በቀር ምንም አልነበረም። የምወደው ጠፍቶ እኮ አይደለም። አንዱን ልጽፍ ብዕሬን ሳነሣ ከበስተኋላው ሰው ብቅ ይልብኛል። መጽሐፉን ስጠራ እናቴ ትመጣለች፤ ፊልሙን ስጠራ ወንድሜ ይመጣል። ዘፈኑንማ ተዉት።

በመጽሐፍ ልጀምር አልኩና «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዬ ጻፍኩ። ማን የማይል አለ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት ያገራችን ሰው፣ ያነበበውም ያላነበበውም፣ አስቀድሞ የሚጠራው እሱን ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። የኛ ሬዲዮ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በዳንቴል ተሸፍኖ ይቀመጥ ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም። ትረካው ሲጀምር ዳንቴሉን ገለጥ ታደርግለታለች፤ እንግዳ ሲገባ ነጠላዋን እንደምታስተካክለው ዓይነት። ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን የኛ ጠባብ ቤት የባሰ የሚጠብ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ የከተማው ሰው ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ሲያለቅስ፣ የኔ እናት እንባ የቀደመው ገና ከመነሻው ነው፤ ከማንኩሳ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ያን አንድ ልጃቸውን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡ። «ወይ ውድነሽ! ወይ ውድነሽ!» ትላለች፣ በአጥር የምትዋሰናት ጎረቤቷ ይመስል። የገዛ ልጇ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ በ1971 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ወጥቶ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግሮ ነበር። የሠፈሩ ወጣት ግማሹ አልቆ፣ ግማሹ ተበትኖ በነበረበት ጊዜ። እኔ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። ጋሼ ነበር የምለው። በሄደ በሦስት ዓመቱ አሜሪካ መግባቱን እስክንሰማ ድረስ ስሙ በቤታችን የሚነሣው በሹክሹክታ ነው። እናቴ ለውድነሽ ልጅ ግን ጮክ ብላ ማልቀስ ትችላለች። ማን ይከለክላታል?

መጽሐፉን ካደግሁ በኋላ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የጉዱ ካሣ ነገር በዓይን ሲነበብ ይሻላል፤ በጆሮ ያልፋል። ሰውየው የሚለውን ቆም ብሎ እንደገና ማየት ያስፈልጋል። መጨረሻው ግን ለኔ ይረዝማል። (ይህን በማለቴ ብዙ ወዳጆች እንደማጣ አውቃለሁ።)

ሁለተኛው «ኦሮማይ» ነው። ያነበብኩት በሁለት ሌሊት ነው፤ ሦስተኛ ሌሊት አልተፈቀደልኝም። በዓሉ ግርማ መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። እኔ እጅ የደረሰው ቅጂ ከዚያ ዓመታት በኋላ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በጋዜጣ ተለብዷል፤ ጫፍ ጫፉ በብዙ ሰው ጣት ወዝቷል። ያዋሰኝ ልጅ «ከጠየቁህ የሒሳብ መጽሐፍ ነው በል» አለኝ። ማን እንደሚጠይቀኝ አልነገረኝም። በኩራዝ መብራት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ አሥመራንና ፊያሜታን አየሁ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እንደገና ሲታተም ገዝቼ አነበብኩት፤ በቀን፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ያ የልብ ምት ግን የለም። ፊያሜታን ከፍርሃቴ ለይቼ ላገኛት አልቻልኩም። እንግዲህ ለዚች ልጅ የትኛውን ንባብ ነው የምጽፍላት?

«ነገም ሌላ ቀን ነው»ንም ጨመርኩበት። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ላይ የተረጎመው ነው። ስካርሌት ኦሃራን ብዙም አልወዳትም፤ ታናድደኛለች። እነዚያን ቁርጥራጭ ወረቀቶች ግን እወዳቸዋለሁ። ወፍራም መጽሐፍ ባየሁ ቁጥር ስንት ፓኮ ይፈጅ ነበር እላለሁ።

ከውጭዎቹ ደራስያን ቼኾቭ አለ። በደርግ ጊዜ ከሞስኮ እየታተሙ በርካሽ ይሸጡ ከነበሩት መጻሕፍት አንዱ ውስጥ ያገኘሁት፣ በፈረንጆች 1886 የጻፈው አጭር ታሪክ ነው። ባለ ፈረስ ጋሪ ሽማግሌ፣ ልጁ ሞቶበት በዚያ በረዶ ሰው ሲያመላልስ ያመሻል። ለአንዱ ተሳፋሪ «ልጄ ሞተ» ይለዋል፤ ሁሉም የራሱ ጉዳይ አለው፣ የሚሰማው የለም። መጨረሻ ላይ በረት ገብቶ ለፈረሱ ይነግራታል። በቃ፣ ይኼው ነው ታሪኩ።

ወንድሜ ዋሽንግተን ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድቷል። እናታችን በ1994 ዓ.ም. ስታርፍ መምጣት አልቻለም፤ ወረቀቱም ገንዘቡም አልገጠመለትም። መርዶውን የነገርኩት እኔ ነኝ፣ በስልክ። ዘመድ ሰብስቦ በወጉ የሚያረዳው ሰው እስካገኝ አላስቻለኝም። በማግሥቱ ሲደውል «ሌሊቱን ስሠራ ነው ያደርኩት» አለኝ። «የተሳፈረው ሁሉ እንዴት ነህ ይለኛል፤ ደህና እላለሁ።» ያን የቼኾቭን ታሪክ ያን ጊዜ አጫወትኩት። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም፤ የሚባል ነገር ጠፍቶኝ ይሆናል። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እሱስ ፈረስ አለው፤ እኔ ቶዮታዬን ምን ብዬ ላጫውታት?» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ደቂቃው ብዙ ገንዘብ ይቆጥር ነበር፤ አልዘጋንም።

ስለ ፊልም ብዙ የምለው የለኝም። ወንድሜ ከመሄዱ በፊት፣ ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ቀን፣ እናቴንና እኔን ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ወስዶን ነበር። «ማዘር ኢንዲያ» ነው። እናቴ ሲኒማ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የመጨረሻዋም ሆነ። ነጠላዋን እንደ ቤተ ክርስቲያን አጣፍታ ነው የገባችው። ሕንድኛ ማን ይተረጉምላታል? ሴትዮዋ እንደ በሬ ማረሻውን ስትጎትት ስታይ ግን ያለ አስተርጓሚ ገባት፤ ከንፈሯን እየመጠጠች አብራት አረሰች። መጨረሻው ላይ እናትየዋ ሽፍታ የሆነውን ልጇን በገዛ ጥይቷ ስትገድለው እናቴ ብድግ አለች። በጨለማው ውስጥ እጄን ይዛ ወጣች። ጋሼ እየሮጠ ደረሰብን።

«ምነው እማዬ? ሊያልቅ እኮ ነው!»

«ልጇን ገድላ ነው ጀግና የምትባለው? ይቅርብኝ!»

እስከ አራት ኪሎ ድረስ በእግራችን ስንሄድ አልተናገረችም። ያኔ በየቀበሌው እናትን ስለ ልጇ የሚጠይቁበት ዘመን ነበር። ጋሼ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ፊልሙን ካደግሁ በኋላ በቪዲዮ እንደገና አይቼዋለሁ። በ1957 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ አሁንም ያምራል። እኔም ግን እዚያ ቦታ ስደርስ እነሣለሁ፤ ሻይ የማፈላ መስዬ።

ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን በ2008 እ.ኤ.አ. አውጥቶ ቬኒስ ላይ ሲሸለምበት ወንድሜ እዚያ ሆኖ አይቶት ነበር። ከሲኒማው ወጥቶ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ መንዳት አቅቶት እንደቆየ ነገረኝ። እኔ እዚህ ሳየው ብዙውን ጊዜ ያሰብኩት ስለ አንበርብር ሳይሆን ስለዚያች መኪና ነው። ይመዝገብልኝ፤ በዝርዝሩ ይግባ።

ቴሌቪዥን ደግሞ በኛ ቤት አልነበረም፤ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ነበር። አባባ ተስፋዬ በሚቀርቡበት ሰዓት የሠፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ቤት ደጃፍ ጫማውን አውልቆ ይገባል። ጫማ የሌለው እግሩን ታጥቦ ይገባል። የቤቱ እመቤት እግር አይተው ነበር የሚያስገቡት። አባባ ተስፋዬ ተነሡ ሲሉን እንነሣለን፣ ተቀመጡ ሲሉን እንቀመጣለን፤ ያዩናል ብዬ አምን ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ልጅ ሲያሳድጉ ቆይተው በ1998 ዓ.ም. ከስክሪኑ ወረዱ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ አረፉ። ከሳቸው ወዲህ የወደድኩት የቴሌቪዥን ዝግጅት አለ ወይ? ካልዋሸሁ አለ። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ያመጣቸውን የቱርክ ድራማዎች ባለቤቴ አንዱንም አታሳልፍም፤ እኔ ደግሞ ጋዜጣ እያነበብኩ ነው። ጋዜጣው ሲገለጥ የሰማ ግን የለም።

ሙዚቃ ቀረ። ሙዚቃ ላይ ስደርስ ነው እስክሪብቶውን ያስቀመጥኩት።

ወንድሜ የዋልያስ ባንድ ወዳጅ ነበር። ሂልተን ሲጫወቱ ገብቶ ለማየት አቅሙ ባይፈቅድለትም፣ የካሴታቸውን ሽፋን አጥንቶ ማን ምን እንደሚጫወት በቃሉ ይወጣዋል። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከአባላቱ ገሚሱ እዚያው ቀሩ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ኋላ ዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ሰው እስኪመጣለት መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር በብዙ ቦታ ተጽፏል። ከዚያ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አንድ አሮጌ ካሴቱን አገኘ። በ1985 እ.ኤ.አ. የተቀዳ፣ አኮርዲዮኑ እንደ ሰው የሚያዜምበት። በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመና ሰውየው ወደ መድረክ ተመለሰ። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ የሱም እጣ የወጣለት ይመስል ነበር። «አየህ? አንዲት ካሴት ናት እኮ! አንድ ሰው አልጣላትም፣ አልሰረዛትም፤ በቃ» አለኝ።

አልሰረዛትም ሲል እኔ ምን እንደተሰማኝ ልናገር።

በ1976 ዓ.ም. ከአሜሪካ አንድ መንገደኛ የወንድሜን ድምፅ ይዞልን መጣ። ያኔ በደብዳቤ ፈንታ ካሴት መላክ የተለመደ ነበር። የ60 ደቂቃ ቲዲኬ ነው፤ በአንዱ ጎን የተናገረው አለበት፣ ሁለተኛው ጎን ባዶ ነው። በፊቱ ላይ በራሱ እጅ «ለቤተሰብ» ብሎ ጽፎበታል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይናገራል። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ነው፤ ጎረቤቱን በስም በስሙ እየጠራ፣ ውሻችንን ሳይቀር። ከዚያ ስለ በረዶው፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስላገኘው ሥራ፣ እንጀራ ስለሚመስል ግን እንጀራ ስላልሆነ ነገር። እናቴ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «እስቲ ክፈትልኝ» ትለኛለች። እከፍትላታለሁ። ስሙ የተጠራ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ስሙን ይሰማል።

ጋሼ ጥንቁቅ ሰው ነው። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰብሯቸዋል። የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ እነሱ ከተሰበሩ ቴፑ መቅጃው አይጫንም፣ ማንም በላዩ ላይ መቅዳት አይችልም። ቀዳዳውን ወረቀት ካልወተፉበት በቀር።

በ1977 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በፊት፣ እኔ ወረቀት ወተፍኩበት።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በክፍላችን አንዲት ልጅ ነበረች፤ የሙሉቀን መለሰ አንድ ዘፈን ትወድ ነበር። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ካሴቱን ለመግዛት ገንዘብ የለኝም። በሬዲዮ የአድማጮች ምርጫ ሲመጣ ልቀዳላት ስጠብቅ ሰነበትኩ። በዚያን ቀን አስተዋዋቂው የሙሉቀንን ስም ጠራ። ባዶ ካሴት የለም። በእጄ አጠገብ ያለው የጋሼ ነው። ባዶው ጎን ነው፣ ንግግሩ በወዲያኛው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ገልብጬ አላየሁም። ገልብጬ ለማየት ሁለት ሰኮንድ አይፈጅም ነበር፤ ዘፈኑ ግን ጀምሯል።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሌላ መጣ፤ እሱም ጥሩ ነው፣ አላቆምኩትም። ዝግጅቱ አልቆ የዜናው ምልክት ሲመታ ነው የዘጋሁት። ከዚያ አውጥቼ አየሁት።

ለፋሲካ ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር። እናቴ «እስቲ ልጄን ክፈትልኝ፣ አብሮን ይፈስክ» አለች። ቴፑ በላው አልኳት። ሌሊቱን ተዘጋጅቼበት ነበር። ከአንድ አሮጌ ካሴት ሆድ ውስጥ ክሩን ጎልጉዬ፣ አጨማድጄ፣ አንድ እፍኝ አድርጌ አስቀምጬ ነበር። እሱን አሳየኋት። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ቴፑን ረገመ። እናቴ አልተራገመችም። ያን ጥቁር ክር በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

ስትሞት ሙዳይዋን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የክርስትና ማተቤ፣ የአባቴ ቀለበት፣ ሁለት የብር መስቀል፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ክር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አስቀምጣዋለች። የማን ካሴት እንደነበር አላስታውስም። የጋሼ እንዳልሆነ ብቻ አውቃለሁ።

ለወንድሜ የነገርኩት በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ከ27 ዓመት በኋላ አገሩን ሊያይ በመጣ ጊዜ። ከመቃብሯ ተመልሰን ማታ ስንቀመጥ ዘርዝሬ ነገርኩት። ስለ ሙዳዩም ጭምር። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣

«ዘፈኑ የማን ነበር?» አለኝ።

«የሙሉቀን።»

«እሱ ከሆነስ ደግ» አለና ጢሙን አሻሸ። «ልጅቷስ?»

«ዘፈኑን አልሰጠኋትም።»

«አየህ፣ እዚህ ላይ ነው ያጠፋኸው» አለኝ። አልሳቅሁም፤ እሱም አልሳቀም። ካሴቱን ላሰማው ብል ግን እምቢ አለ።

ወንድሜ በ2014 ዓ.ም. አረፈ። ሙሉቀን ቀደም ብሎ ዓለማዊ ዘፈን ትቶ ወደ መንፈሳዊ ሕይወት ገብቶ ነበር፤ እሱም በ2016 ዓ.ም. እዚያው አሜሪካ ሞተ። ካሴቱ እኔ ጋ አለ። «ከሁሉ አብልጠህ የምትወደው ዘፈን» ለሚለው መልሱ እሱ ነው፤ ዘፈኑ ምን ጥፋት አለበት? ከነጥፋቴ እወደዋለሁ። ከዘፈኖቹ በኋላ የዜናው ምልክት ይመታል፣ ቋ ይላል። ከዚያ ያልተሰረዘ ክር ቀርቷል። ለክቼዋለሁ፤ 40 ሰኮንድ ያህል ነው።

ዝርዝሩን ትቼ ባለፈው እሑድ ለልጅቷ ደወልኩላት። የጎረቤት ልጅ የሚሠራ ቴፕ አምጥቶልኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፣ ከዚያ ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ ይዤ ያን የመጨረሻውን አሰማኋት። ጋሼ በሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ይናገራል፤ ይቸኩላል፣ ካሴቱ ሊያልቅበት ነው። ለትንሹ ጫማ ልልክለት ነው ይላል፤ የእግሩን ቁጥር ጻፉልኝ፣ እንዳትረሱ፣ ጥቁር ይሁን ቡኒ እሱን ጠይቁት፤ ደግሞም እማዬ…

እዚያ ላይ ክሩ ያልቃል።

ልጅቷ ለትንሽ ጊዜ አልተናገረችም። «ድምፁ ቀጭን ነበር» አለች በመጨረሻ። እንደገና አሰማኋት። ሦስተኛም ጠየቀችኝ።

«ቁጥሩን ጻፋችሁለት?»

«ጻፍንለት። 38፣ ቡኒ።»

«ላከልህ?»

«ልኮ ነበር። የሚያመጣልን ሰው ጠፍቶ ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ደረሰ። እግሬ 41 ሆኖ ጠበቀው።»